አንገቴን ይዤ ገረሴ

ገረሴ የት እንደሆነች የማታውቁ ሰዎች አትፈሩ፤ እኔም አንገቴ እስኪይዘኝ ድረስ አላውቃትም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ስነዳ የማውቃት ዓለም ከመርካቶ ተነስታ አየር ጤና ላይ የምታልቅ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያለው ወራቤ ነው፤ እሱም ለአረፋ ብቻ የሚኬድበት አገር። ይህን የምጽፈው ተመልሼ ነው፣ ለሰፈሬ ሰዎች። ወደ ገረሴ እንደማትሄዱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔ ሄጄላችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ያመኛል። በማጅራቴ በስተቀኝ ይጀምርና በጆሮዬ ኋላ ዞሮ መጥቶ ዓይኔ ላይ ይቀመጣል። ያልተባልኩት ነገር የለም። ሚስቴ ዘይነባ ምች ነው አለች። መድኃኒት ቤቱ ሳይነስ ነው ብሎ ኪኒን ሸጠልኝ፤ መነጽር ቤቱ ዓይን ነው ብሎ መነጽር ሸጠልኝ። ፀጉር አስተካካዬ ደግሞ ስልኩ ላይ ፈረንጆች የሰው አንገት ቀጭ ሲያደርጉ አይቶ፣ ይሄ እኮ ካይሮፕራክተር ይባላል፣ ቀላል ነው ብሎ አገጬን ይዞ ጠመዘዘኝ። ቀጭ ማለቱን አለ፤ ሰው አልዋሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንገቴ ወደ ቀኝ መዞር እምቢ አለኝ። አንድ ሐኪም ብቻ ማጅራቴን ነካክቶ ፊዚዮቴራፒ ሂድ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ሳጣራ ስፖርት ማሠራት ነው አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ፊት ነው ስፖርት የምሠራው ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ይሄ ነው። ለጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት አየር ጤና ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ስመለስ ረዳቴ ተሳፋሪ እየጠራ ነበር። አንገቴ ስለማይዞርልኝ በስፖኪዮ ብቻ ተመለስኩ። ኳ አለ። በስፖኪዮው ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ትንሽ ተማሪ መሬት ላይ ተቀምጣ አየሁ፤ ጀርባዋን ብቻ። ተነሳች፣ ደብተሮቿን ለቃቀመች፣ ከዚያ "ይቅርታ" አለች። እሷ፣ ለእኔ። ተሳፋሪው ምንም አልሆነችም፣ ንዳው አለኝ፤ እኔም ነዳሁት። አልወረድኩም። በነጋታው የኋላ ማርሽ ላስገባ ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ በማግስቱም እንደዚያው። ለባለንብረቱም ለዘይነባም ራሴን አሞኝ ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉም አልነበረም።

ባለንብረቱ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ አለ። የዘይነባ ወንድም ደግሞ ቶሎ ብሎ የዘበኝነት ሥራ አገኘልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ይዤ ኖሬ አሁን በር ልከፍት! በዚህ መሃል የአጎቴ ልጅ ሙዘሚል ከአርባ ምንጭ ደወለ። ገረሴ የሚባል ደጋ ላይ ጋሽ ባሳ የሚባሉ ወጌሻ አሉ፣ የተሰበረ ክንድ በሳምንት ያስጨፍራሉ አለኝ። ክንዴ ደህና ነው ብለው ሊሰማኝ አልፈለገም።

ሐሙስ

ሹፌርን አላህ ተሳፋሪ አያድርገው። የደረሰኝ ወንበር ልክ ከኋላ ጎማው በላይ ነው፤ ለአንገት በሽተኛ ከዚህ የተሻለ ተፈልጎም አይገኝ። አለም ገናን እንዳለፍን ሹፌሩ ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፍ ጀመረ። ቀኝ እግሬ በየኩርባው ወለሉን ይረግጣል። ቡታጅራ ስንቃረብ አጠገቤ የተቀመጠው መምህር በትህትና ጋሼ፣ ፍሬኑ የእኔ እግር ላይ ነው አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሆሳዕና እስክንደርስ ግን ሁለቴ ደግሜ ረገጥኩት።

ቡታጅራ ላይ ቁርስ በላን። ወራቤን ሳንቆም አለፍናት። የአጎቴ ቤት ከአስፋልቱ በስተቀኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ቀኝ አልዞርም። የተወለድኩበትን አገር ፊት ለፊት እያየሁ አለፍኩት። ሶዶ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤት ብዬ ስጠይቅ አንድ የጫማ ነጋዴ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ እስከ በሩ ድረስ ወሰደኝ። አየር ጤና ቢሆን በጣቱ ጠቁሞኝ ነበር፣ ያውም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ። ጥብሱ ጥሩ ነበር። ዳጣ የሚሉት አረንጓዴ ማባያ ግን ቃሪያን ወቅጠው፣ ቃሪያው እንዳይከፋው ሌላ ቃሪያ የጨመሩበት ነው። እንባዬን አንገቴን ቀና አድርጌ ጠረግኩ፤ ጎንበስ ማለትም አልችልም ነበርና።

ከሶዶ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ሙቀቱም ይመጣል። አባያ ሐይቅ ቀይ ነው፤ በክረምት የእኛን የኮብልስቶን ሰፈር ጎርፍ ያየ ሰው አይገርመውም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ስንገባ አሥር ባጃጅ ከበበን። ሙዘሚል ከመካከላቸው ወጣ፤ ሳሙናና ስኳር በጅምላ የሚሸጥ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ደግ ሰው ነው። አንገቴን አቅፎ ሊስመኝ ሲል ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየን።

የራሱን አልጋ ለቀቀልኝ። ሚስቱ ራህመት ደግሞ ለአንገትህ ብላ ሦስት ትራስ ደራረበችልኝ። በሦስት ትራስ ላይ የሚተኛ ሰው አገጩ ደረቱ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት እንዴት አደርክ ስትለኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ፣ አራተኛ ትራስ ጨመረች።

ዓርብ

ጁምዓ ሰገድኩ። ሶላት ሲያልቅ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞረን እናሰላምታለን። ከዚያች ፀጉር ቤት ወዲህ እኔ ወደ ቀኝ የማሰላምተው በዓይኔ ነው። በቀኜ የነበሩት ሽማግሌ ነገሩን ታዝበው ኖሮ፣ ስንወጣ ክንዴን ይዘው ልጄ ምን ነካህ አሉኝ። ራሴን ያመኛል አልኩ። የሽፈራው ቅጠል ቀቅለህ ጠጣ አሉኝ። ከመስጊዱ እስከ ሙዘሚል ሱቅ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እዚያ እስክደርስ የአሳ ራስ ሾርባ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ታዘዘልኝ። የሽፈራውን ቅጠል ራህመት ከመድረሴ በፊት ቀቅላው ነበር። ጠጣሁት። ስለ ጣዕሙ ዝም ብል ይሻላል።

ሙዘሚል አዞ ላሳይህ አለኝ። አዞም እንዳንተ አንገቱን አያዞርም፣ ትግባባላችሁ ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። አልሄድኩም። አርባውን ምንጭም አላየሁም። የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ባጃጆች ወደ ኋላ ሲመለሱ ስመለከት ዋልኩ። አንድ ልጅ ከኋላ ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ሙዘሚል ምን ሆንክ አለኝ፤ ሙቀቱ ነው አልኩት።

ቅዳሜ

ወደ ገረሴ የሚሄደው መኪና ጠዋት ሞልቶ ተነሳ። ከዚያ በመንገድ ላይ ደግሞ እንደገና ሞላ። በቀኜ አንዲት ሴት ተቀመጠች። ፊቷን ማየት ስለማልችል ከፊት መስታወቱ ጋር እያወራሁ አጫወትኳት። ሰው ፊቱን ካላየኸው ለማውራት ይቀላል፤ ብዙ አወራሁ። ሆስፒታል ዋጋ የለውም አልኳት። ስፖርት ሥራ ይሉሃል፣ እኔ ኳስ ተጫዋች ነኝ እንዴ? ወጌሻ ግን አንዴ ይዞ ቀጭ ካደረገህ አበቃ። እሷ እሺ ትላለች። መንገዱ ሽቅብ ነው። ሙዙ ቀረ፣ ማንጎው ቀረ፣ እንሰትና ቀርከሃ መጣ፣ ብርዱም መጣ። እንሰቱን ሳይ ወራቤ የገባሁ መሰለኝ፤ ሰው ሲናገር ግን አንድ ቃል አልገባኝም።

ገረሴ ወርደን የጋሽ ባሳን ቤት ስጠይቅ ሴትየዋ ተከተለኝ አለችና ቀድማኝ ሄደች። አንድ የቀርከሃ አጥር ውስጥ ገባን። በረንዳው ላይ ክንዳቸው የታሰረ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ቀጭን ሽማግሌ፣ ጋሽ ባሳ ራሳቸው፣ ወጥተው ሴትየዋን ስመው ስመው፣ ልጄ መሠረት ናት፣ ታች አርባ ምንጭ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ነው ሥራዋ አሉኝ በኩራት። ያኔ ሙሉ ሰውነቴን አዙሬ ፊቷን አየሁ። ፈገግ ብላ እሺ አለችኝ እንደገና። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አንገቴም ይገላገል ነበር።

ምሳ ቀረበ፤ ድንች፣ ቆጮ፣ አይብ በቅቤ። ቆጮው ከእኛ ይወፍራል፤ አይቡን ግን ለእናቴም ቢሆን ከዚህ የሚሻል አለ ብዬ አልከራከርላትም። በኋላ እንደሰማሁት ለዕለቱ ሥጋ ተገዝቶ ነበር። እንግዳው ሙስሊም ነው ሲባል የቤቱ እመቤት ድስቱን አውጥተው ለጎረቤት ላኩት። በገበያ ቀን አንድ ቤት ሙሉ በእኔ ምክንያት ድንች በላ፤ አንድም ሰው ነገሩን አላነሳብኝም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ባሳ እጃቸውን ታጥበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሊነኩኝ ነው ብዬ ኮቴን ሳወልቅ፣ "ምን አጥፍተሃል?" አሉኝ።

ግራ ገባኝ። መሠረት አስረዳችኝ፤ በአገራቸው ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ሰው ያጠፋውን ደብቆ ሲይዘው በሽታ ሆኖ ይወጣል ይላሉ። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ያም ሆኖ ይህንን ሳይጠይቁ የሰው አጥንት አይነኩም። እኔም በሆዴ እየሳቅኩ ቆጠርኩላቸው። ትርፍ ጭኛለሁ፣ ትራፊክ ዋሽቻለሁ፣ የተሳፋሪ ጃንጥላ አስቀርቻለሁ። ጋሽ ባሳ ሰምተው ሲያበቁ ማጅራቴ ላይ ሁለት ጣት አሳረፉና ወዲያው አነሱ። "ክንድ ባበላሽ፣ ክንድ ነው። አንገት ባበላሽ፣ ሰውዬው ነው። እኔ አንገት አልነካም፤ እሷ ናት።"

እንግዲህ አስቡት። ከአየር ጤና ሁለት ታክሲ ይዤ የምደርስበትን ፊዚዮቴራፒ ሸሽቼ፣ የአንድ ቀን ከግማሽ መንገድ መጥቼ፣ ወጌሻው ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ።

መሠረት አልተጣደፈችም። በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና ሰፌድ አስያዘችኝ። ሥራህን ካላየሁ አንገትህን አላውቀውም፣ ንዳ አለችኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሰፌድ ይዤ ልነዳ! ክንዱ የታሰረው አንደኛው ሰውዬ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ደስ ብሎት ከኋላዬ መጥቶ ተቀመጠ። ጓደኛውም ተከተለው። እንግዲህ ተሳፋሪም ሞላ። አፍሬ ጀመርኩ፤ ከመርካቶ ወጣሁ፣ ተክለ ሃይማኖትን ዞርኩ፣ ልደታን አለፍኩ። ጦር ኃይሎች ስደርስ የሽሮ ሜዳው ሰውዬ "ወራጅ አለ" አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄ ቆምኩለት።

መሠረት ብቻ አልሳቀችም። ለምንድነው አገጭህን አስግገህ አንገትህን ሰብረህ የምትነዳው አለችኝ። ነገሩን አስቤው አላውቅም። አሰብኩት። የመኪናዬ የፊት መስታወት የላይኛው ግማሽ መጋረጃ ነው፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ማሻአላህ የሚል የተለጠፈበት። በእሱ ሥር አጮልቄ ነው የማየው። ማን ሰቀለው አለች። እኔ አልኩ። መቼ? አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል። በመስመሩ ላይ እንደኔ ያማረ መኪና የለም እያልኩ እኮራበት የነበረው ነገር እሱ ነው።

"እሺ፣ አሁን ወደ ኋላ ተመለስ" አለችኝ።

ሰፌዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰፌድ መሆኑን አውቃለሁ። ከኋላዬ ያሉት ሁለት ክንደ ሰባራ ሰዎች መሆናቸውንም አውቃለሁ። ግን እጄ አልሄደም። ከዚያ ከአፌ ወጣ። ለዘይነባ ያልነገርኳትን ለማላውቃቸው ሰዎች ነገርኩ፤ ሹራቡን፣ ደብተሮቹን፣ ይቅርታ ማለቷን፣ አለመውረዴን። አልቅሻለሁም፤ ምን ይደረግ። የሽሮ ሜዳው ሰውዬ ቀስ ብሎ በደህናው እጁ ትከሻዬን ያዘኝ።

ጋሽ ባሳ ልጅቷን ታውቃታለህ ወይ አሉ። አላውቃትም። ፊቷንም? ፊቷንም አላየሁም፣ አንገቴ አይዞርም ነበር።

"ለእኛ መንገርህ ጥሩ ነው" አሉኝ። "እኛን ግን አልገጨኸንም።"

ከዚያ በኋላ ነው መሠረት ያስተኛችኝ። የራስ ቅሌና አንገቴ የሚጋጠሙበት ላይ በቀኝ በኩል በጣቷ ያዝ አደረገች። ሕመሙ በጆሮዬ ኋላ ዞሮ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ሁለት ዓመት የማውቀው ራሱ። ዓይንህ ላይ ተሰማህ አለች። አዎ አልኩ። "ራስህ ጤነኛ ነው። የሚጮኸው አንገትህ ነው፣ ድምፁ ግን ራስህ ላይ ነው የሚሰማው።" ራስህ ጤነኛ ነው የሚል ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ለዘይነባ እነግራታለሁ ብዬ ያዝኩት። ቀስ እያለች ለረጅም ጊዜ ጫን፣ ለቀቅ አደረገች። አንዴም ቀጭ አላለም፤ እንዲያውም ቅር አለኝ። ከዚያ ስፖርቱ መጣ፤ አገጬን ወደ ኋላ ስቦ መያዝ፣ እስከ አሥር መቁጠር፣ መልቀቅ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ዶሮ ጥሬ ለቅማ ቀና ስትል የምታደርገው ነው። ሁለት ወር ይፈጃል አለችኝ። በመሃል ማንም አንገትህን እንዳይጠመዝዝ፣ እጅህ ከደነዘዘ ወይ ካዞረህ ሐኪም ጋ ሂድ አለችኝ። ትራስም አንድ ብቻ።

እሑድ

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እስኪመለሱ በረንዳው ላይ ዶሮ ስሆን አረፈድኩ። የቤቱ ዶሮዎች ቆመው አዩኝ። ስሸኝ የቤቱ እመቤት አንድ ከረጢት ድንች አሸከሙኝ፤ አዲስ አበባ ድንች የለም ብሎ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። መሠረትም አብራኝ ወረደች። በዚህ ጊዜ በግራዬ አስቀመጥኳትና ፊቷን እያየሁ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ስፖርቱ። እሺ አለች።

ሲቀላ ደርሼ መግሪብ ስሰግድ ወደ ቀኝ አሰላመትኩ። አንገቴ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ዞረ። የጎረቤቴን ጢም አየሁ፤ ሙሉ ፊቱን አይደለም። ለራህመት አንድ ትራስ ነው የታዘዘልኝ ስላት ከፋት። ሦስቱን አንስታ ለሙዘሚል ሰጠችው። ጠዋት አንገቱን ይዞ ተነሳ።

ሰኞ

ስለ መመለሻው የምለው የለኝም። የዚህኛው አውቶቡስ ሹፌር ጥሩ ነበር፤ እግሬ አንዴም ፍሬን አልረገጠም። ወራቤን ስናልፍ ወንበሬን ቀይሬ አየኋት። ዘይነባ በሩን ስትከፍት ድንቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ዳንክ ወይ አለችኝ። ተቀመጪ አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ራስህ ጤነኛ ነው መባሌን ግን አላመነችም።

ከዚያ ወዲህ

በማግስቱ ጠዋት፣ ተማሪ በሚገባበት ሰዓት፣ እዚያው አየር ጤና ጫፍ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ልጆች እንደ ጎርፍ ይፈስሳሉ። ፊቷን አላውቀው። እያንዳንዷን አንቺ ነሽ ወይ ብል ፖሊስ ይጠራብኛል። ሁለት ቀን እንደ ግንድ ቆሜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመጣ ሳላስበው ከኋላው ገብቼ ልጆቹን በክንዴ አገድኩና ና፣ ና፣ ቁም አልኩት። ቀጥሎ ሌላው መጣ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እዚያ ነኝ። ሹፌሮቹ፣ የሥራ ጓደኞቼ፣ ሸምሱን፣ እኔን ማለታቸው ነው፣ ገረሴ ላይ አስማት አደረጉበት ይላሉ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያየሁ አረፍዳለሁ፤ ለአንገቴም ደግ ነው። ራሴን አሁንም አንዳንድ ቀን ያመኛል። መጋረጃውን ባለንብረቱን አስፈቅጄ አወረድኩት። የተፈጠረውንም ነገርኩት። እስክትድን መኪናዋን ወንድሜ ይይዛታል፣ ስትድን ና አለኝ።

ትናንት ጠዋት አንድ መኪና እስኪቆም ልጆቹን ይዤ ስጠብቅ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እጄን ያዘች። እሷ ትሁን ሌላ አላህ ይወቅ። ጎንበስ ብዬ "ይቅርታ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ምን አደረግክ?" አለችኝ።

ደወሉ ተደውሏል፤ ልጅቷ ቸኩላለች። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አብሬያት እየሄድኩ ነገርኳት።